አልቀንስ ያለ የሰውነት ስብና የሁለቱ ልምምዶች ሚዛን፦ ከደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ አንጻር

መግቢያ

በደብረ ታቦር ከተማ በማለዳ ወፍራም ጃኬት ደርቦ ወይም ወገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ በአስፋልት ዳር የሚሮጥ ሰው ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ቦርጩን ለማጥፋት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል፤ ቀበቶው ግን ያው የድሮው ቀዳዳ ላይ ነው። ሌላው ደግሞ ብረት ማንሳት ይጀምራል፤ ክንዱና ደረቱ ይፈረጥማሉ፤ ሆዱ ግን አይጎድልም። ሁለቱም በመጨረሻ «የእኔ ሰውነት እንዲህ ነው» ብለው ልምምዱን ይተዉታል።

ይህ ጽሑፍ እያንዳንዳቸው የያዙት መንገድ የሥራው ግማሽ መሆኑን ለማስረዳት ይሞክራል። በጽሑፉ ውስጥ የልብና የአተነፋፈስ ብርታትን የሚያዳብሩ እንቅስቃሴዎች፣ ማለትም በተለምዶ ካርዲዮ የሚባሉት ፈጣን እርምጃ፣ ሩጫና ዳገት መውጣት፣ «የብርታት ልምምድ» ተብለዋል። ጡንቻን ከጭነት ጋር የሚያታግሉት ደግሞ «የጥንካሬ ልምምድ» ተብለዋል።

ጉዳዩ ከመልክ ያለፈ ነው። ክብደት ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ በ2016 ወደ 8 በመቶ አድጓል። በዚሁ በ2016 ጥናት ከመጠን በታች የቀጠኑ ሴቶች 22 በመቶ ያህል ነበሩ። እጥረትና ትርፍ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ፣ አብረው ይኖራሉ ማለት ነው። በልጅነቱ የምግብ እጥረት አይቶ፣ በጉልምስናው የቢሮ ወንበር ይዞ ቦርጭ ያወጣ ሰው ብዙ ጡንቻ ላይኖረው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ክብደቱን በተሳሳተ መንገድ ከቀነሰ የሚያጣው ሊያጣው የማይገባውን ነው።

ስብ ከሰውነት እንዴት ይወጣል?

የሰውነት ስብ በስብ ሕዋሳት ውስጥ ትራይግሊሰራይድ በሚባል መልክ ይከማቻል። ሰውነት ኃይል ሲያስፈልገው እንደ አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች ሕዋሱ ክምችቱን እንዲለቅ ያዛሉ፤ ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለው ኢንሱሊን ደግሞ እንዲይዝ ያዛል። በሕዋሱ ገጽ ላይ የአድሬናሊንን መልእክት የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ቤታ የተባሉት ስብ እንዲለቀቅ ያበረታታሉ፤ አልፋ ሁለት የተባሉት ያግዳሉ። የሁለቱ ምጣኔ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በተለይ በሴቶች ዳሌና ጭን ላይ ያለው ከቆዳ ሥር ያለ ስብ የአልፋ ሁለት ተቀባዮች ይበዙበታል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ይለቃል። በሆድ ዕቃ መካከል የተጠራቀመው ጥልቅ ስብ በአንጻሩ ለእንቅስቃሴ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ይህም ለጤና መልካም ዜና ነው፤ ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ይኸው የውስጡ ስብ ነውና።

ስለዚህ «አልቀንስ ያለ ስብ» የሚባለው ከተራው በኋላ የሚወጣ ስብ ነው እንጂ ጨርሶ የማይወጣ አይደለም። አንድን ቦታ ለይቶ ማቅለጥ ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ ጥናት 24 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ክፍል ለስድስት ሳምንታት የሆድ ጡንቻ ልምምድ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። የሆዳቸው ጡንቻ ብርታት ጨመረ፤ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም። ሲት አፕ የሚያጠነክረው ከስቡ ሥር ያለውን ጡንቻ ነው፤ ከላይ ያለውን ስብ የሚወስደው የመላው ሰውነት የኃይል ሒሳብ ነው።

በላብ የሚወጣም ስብ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ስሌት እንደሚያሳየው 10 ኪሎ ግራም ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። ላስቲክ ታጥቆ የሚሮጥ ሰው ሲመለስ ሚዛኑ የሚያሳየው ቅናሽ የውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ መመለስ ይጀምራል። በደጋው ደረቅ አየር ላይ ይህ ልማድ ሰውነትን ውኃ ከማሳጣት በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለቱ ልምምዶች ምን ምን ይሠራሉ?

የብርታት ልምምድ ዋና ጥቅሙ በሚሠራበት ሰዓት ብዙ ኃይል ማውጣቱ ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ በየኪሎ ሜትሩ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ወደ 350 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ስለሚይዝ ይህ ሩጫ ከ45 ግራም ስብ ጋር እኩል ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢደጋገም በ12 ሳምንት 1.6 ኪሎ ያህል ይሆናል። ነገር ግን ወጥ ላይ የሚጨመር ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ከ350 ኪሎ ካሎሪ አያንስም። ሯጩ ቤቱ ገብቶ በልምምዱ ምክንያት ትንሽ አብዝቶ ቢበላ ሒሳቡ እዚያው ይዘጋል።

የጥንካሬ ልምምድ በሚሠራበት ሰዓት የሚያወጣው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከሩጫው ያንሳል። ሥራው ሌላ ነው። ሰውነት በኃይል እጥረት ውስጥ እያለ ጡንቻ አስፈላጊ መሆኑን የሚያስረዳው፣ ስለዚህም እንዳይፈርስ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ይህን የሥራ ክፍፍል በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 119 ጎልማሶች ውጤት ተተንትኗል፤ ልምምዱ ስምንት ወር ቆይቷል። የብርታት ልምምድ ብቻ የሠሩት 1.66 ኪሎ ስብ ቀነሱ፤ ጡንቻን ጨምሮ ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው ግን አልጨመረም። የጥንካሬ ልምምድ ብቻ የሠሩት ከስብ ውጭ ያለው ክብደታቸው በ1.09 ኪሎ ጨመረ፤ ስባቸው ግን እምብዛም አልተነካም። ሁለቱን ያጣመሩት 2.44 ኪሎ ስብ ቀንሰው ከስብ ውጭ 0.81 ኪሎ ጨመሩ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ አጣማሪዎቹ የሰጡት ጊዜ የሌሎቹ እጥፍ ነበር። ሁለተኛ፣ በሚዛን ብቻ ቢለኩ ኖሮ ሯጮቹና አጣማሪዎቹ እኩል የቀነሱ ይመስሉ ነበር፤ የሁለቱም ጠቅላላ ክብደት የወረደው በ1.7 ኪሎ ገደማ ነበርና። ሚዛኑ የደበቀውን ልዩነት ያሳየው የሰውነት ይዘት ልኬት ነው።

ምግብ በሚቀነስበት ጊዜ ልዩነቱ የበለጠ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በታተመ ጥናት 160 ከመጠን በላይ የወፈሩ አረጋውያን ተሳትፈዋል። ምግብ ቀንሰው ልምምድ የሠሩት ሦስቱም ቡድኖች ክብደታቸውን በ9 በመቶ ቀነሱ። ከስብ ውጭ ያለው ክብደት ግን በብርታት ልምምድ ቡድን 5 በመቶ፣ በጥንካሬ ቡድን 2 በመቶ፣ በጥምሩ ቡድን 3 በመቶ ቀነሰ። የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ችሎታቸው ከሁሉ በላይ የተሻሻለውም የጥምሩ ቡድን አባላት ነበሩ።

ሁለቱ ይጋጫሉን?

«ሩጫ ጡንቻ ይበላል» የሚለው የጂም አባባል መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ሂክሰን ባሳተሙት ጥናት አንድ ቡድን በሳምንት አምስት ቀን ከባድ የጥንካሬ ልምምድና ስድስት ቀን ከባድ የብርታት ልምምድ አጣምሮ ለአሥር ሳምንታት ሠርቷል። የቡድኑ ጥንካሬ እስከ ሰባተኛውና ስምንተኛው ሳምንት ድረስ ካደገ በኋላ ቆመ፤ በመጨረሻም ወረደ። ይህ «የመጠላለፍ ውጤት» ተብሎ ይታወቃል። ሆኖም በሳምንት አሥራ አንድ ከባድ ልምምድ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 43 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ሁለቱን ማጣመር የጡንቻ እድገትንም ሆነ ከፍተኛ ጥንካሬን እንደማይጎዳ አሳይቷል። ጥቂት የሚቀንሰው በፍጥነት የሚወጣ ፈንጂ ኃይል ነው፤ ይኸውም በተለይ ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሲሠሩ ነው። ቦርጩን ለመቀነስ ለሚሠራ ሰው እንግዲህ ግጭቱ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ሁለቱን በተለያየ ቀን ማድረግ፣ በአንድ ቀን የግድ ከሆነም ጥንካሬውን ማስቀደም ይበቃል።

ከፍታውና ዳገቱ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሦስት አራተኛ ያነሰ ነው። በዝቅተኛ ቦታ የኖረ ሰው ከ1,500 ሜትር በላይ በወጣ ቁጥር ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅሙ በየ100 ሜትሩ ወደ 1 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቆላ ወደ ደብረ ታቦር የመጣ ተማሪ ወይም መምህር በለመደው ፍጥነት ልሩጥ ቢል በፍጥነት ይደክመዋል፤ ይህን የስንፍና ምልክት አድርጎ መውሰድ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነቱን መቀነስና በንግግር መመዘን ይሻላል፦ ዐረፍተ ነገር መናገር የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ፍጥነት መካከለኛ ይባላል።

የደጋው ተወላጅ ሁኔታ ለየት ይላል። ሲንቲያ ቢል የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንና የደም ኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ የከፍታ መላመድ ግን ከቦርጭ አይጠብቅም። ሰውነቱ ለከፍታ የተመቸ ሰውም ቀኑን ተቀምጦ ከዋለና ከሚያወጣው በላይ ከበላ ይወፍራል።

ዳገቱ በራሱ መሣሪያ ነው። ከአዲስ ዘመን በላይ ወዳለው ጣራ ገዳም በእግር የወጣ ሰው ይህን ያውቃል፤ የፎገራ ሜዳ ከኋላው ዝቅ እያለ ሲሄድ ሩጫ ሳይኖር ትንፋሹ ይፈጥናል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 300 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ክብደቱን ለማንሳት ብቻ 49 ኪሎ ካሎሪ የሚሆን ሜካኒካዊ ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ካወጣው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ስለሆነ ሰውነቱ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። ይህም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ከመሮጥ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ የሚያሳርፈው ምት ያነሰ ነው። ቁልቁለቱ በአንጻሩ የጭን ጡንቻ እየተሳበ እንዲሠራ ስለሚያደርግ በማግስቱ ሕመም ያስከትላል፤ ጀማሪ ሲወርድ መጠንቀቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ውኃና እንጨት ተሸክማ ዳገት የምትወጣ እናት፣ ቀን ሙሉ ሞፈር ይዞ የሚውል ገበሬ ሁለቱንም ልምምድ ይሠሩ የለምን? ይሠራሉ፤ ተጨማሪ የስብ ማቃጠያ ትምህርትም አያስፈልጋቸውም። የእነርሱ ጉዳይ በቂ ምግብና እረፍት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ ሕይወት ወጥቶ ወደ ቢሮ፣ ወደ ሱቅ፣ ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ ባጃጅ መቀመጫ የገባውን ሰው ነው። እርሱ እርምጃውንም ሸክሙንም በአንድ ጊዜ አጥቷል፤ ስለዚህ የሚመልሰውም ሁለቱን ነው።

ምግብና ጾም

ሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በታንዛኒያ የሐድዛ አዳኝ ሕዝቦች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኑን በእግር የሚውሉት ሐድዛዎች በሰውነት መጠን ሲስተካከል በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ኃይል በምዕራቡ ዓለም ከሚኖሩ ሰዎች የተለየ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሰውነት በእንቅስቃሴ ያወጣውን በሌላ በኩል ሊቆጥብ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ምግብ ልክ ልምምድ ብቻውን ስብን ብዙ አያወርድም።

በምግብ በኩል ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ መጠነኛ የኃይል ቅናሽና በቂ ፕሮቲን። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ የጥንካሬ ልምምድ ለሚሠሩ ሰዎች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ወደ 1.6 ግራም ፕሮቲን ካለፈ በኋላ ተጨማሪ ጥቅም እንደማይታይ አመልክቷል። ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ያለው ለተግባር የሚመች ክልል ነው። ለ70 ኪሎ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ይሆናል።

ይህ በጾም ወቅት ይቻላልን? 300 ግራም የጤፍ ዱቄት 39 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ሽሮ 20 ግራም ያህል፣ 100 ግራም ያልተቀቀለ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣሉ። ድምሩ 83 ግራም ነው፤ ዝቅተኛውን መጠን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል። የዘይቱ ሳይቆጠር ጠቅላላ ኃይሉም ወደ 1,800 ኪሎ ካሎሪ ነው። የእህሉና የጥራጥሬው አሚኖ አሲዶችም አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ። በደጋው የሚበቅለው ባቄላና አተር በዚህ ረገድ ከምስር አያንሱም። ጓያን ግን ርካሽ ነው ብሎ ዋና የፕሮቲን ምንጭ ማድረግ የእግር ሽባነት ሊያስከትል ስለሚችል አይመከርም።

ችግሩ የሚመጣው ጾሙ በእንጀራ፣ በድንችና በዘይት ብቻ ሲታለፍ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ክብደቱን በዚህ መንገድ የቀነሰ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውን ይቀንሳል፤ ከፋሲካ በኋላ ቶሎ የሚመለሰው ግን ስቡ ነው። ስለዚህ በጾም ወራት የጥንካሬ ልምምድን ማቆም አይገባም። የሚነሣውን ጭነት እንደነበረ አድርጎ የድግግሞሹን ብዛት መቀነስ ይቻላል። ሰዓቱንም ከመገደፊያው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በፊት ማድረግ ጥሩ ነው፤ ከልምምዱ በኋላ ምግቡ ወዲያው ይከተላልና።

ሳምንታዊ አደረጃጀት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የብርታት እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን የጥንካሬ ልምምድ ይመክራል። ይህን መሠረት በማድረግ ሳምንቱን ለምሳሌ እንዲህ ማደራጀት ይቻላል፦

ሰኞና ሐሙስ፦ የጥንካሬ ልምምድ፣ ለእያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ።
ማክሰኞ፦ ፈጣን እርምጃ ወይም ዝግ ያለ ሩጫ፣ 40 ደቂቃ።
ዓርብ፦ ፈጣን እርምጃ በሜዳ፣ 30 ደቂቃ።
ቅዳሜ፦ ረዘም ያለ የዳገት ጉዞ፣ 80 ደቂቃ።
ረቡዕና እሑድ፦ እረፍት።

ለጥንካሬው ጂም የግድ አይደለም። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ጀሪካንን ከመሬት ማንሳት፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ መሳብና ከራስ በላይ መግፋት ዋና ዋናዎቹን ጡንቻዎች ያዳርሳሉ። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሠራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ሊከብዱ ይገባል። ዋናው ነገር ጭነቱ ማደጉ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በ8 ሊትር የጀመረ ሰው ድግግሞሹ ሲቀልለው አንድ ሊትር እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። ሁልጊዜ ያንኑ ጭነት የሚያነሳ ሰው ሰውነቱ ከለመደው በኋላ እድገቱ ይቆማል። በማንሳት ጊዜ ትንፋሽን አፍኖ መያዝ የደም ግፊትን በድንገት ስለሚያሻቅብ መወገድ አለበት። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ማጠቃለያ

የብርታት ልምምድ ስብን ለማውጣት፣ የጥንካሬ ልምምድ ጡንቻን ለማቆየት፣ ምግቡ ደግሞ የሁለቱን ሒሳብ ለመጠበቅ ያገለግላሉ። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ የጎደለውን አይተኩም። አልቀንስ ያለው ስብም በተራው የሚለቀው ይህ ሚዛን ለወራት ሲጠበቅ ነው።

ለውጡን ለመከታተል ሚዛን ብቻውን አይበቃም። በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ወገብን በሜትር መለካትና የሚነሣውን ጭነት መመዝገብ ይሻላል። ወገቡ የቁመቱን ግማሽ ያላለፈ ሰው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ክብደቱ ባይንቀሳቀስም ወገቡ እየጠበበ፣ ጀሪካኑ እየከበደ ከሄደ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው። ክብደቱ ወርዶ የሚያነሳው ጭነት አብሮ ከወረደ ግን የሚቀንሰው ጡንቻው ሊሆን ስለሚችል፣ ምግቡንና የጥንካሬ ልምምዱን መልሶ መመርመር ይገባዋል።